ዘዋሪ ሌባን ያስያዘው አሻራ ብቻ አልነበረም

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ወንጀል ምርመራ ታሪክ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብሁት። እንዲህ ያለው ርእስ በአማርኛ ጋዜጣ ላይ ሰፋ ብሎ ሲቀርብ ማየት ብርቅ ስለሆነ አዘጋጆቹን ከልብ አመሰግናለሁ። ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮች ሳይታረሙ ቢያልፉ አንባቢን ያሳስታሉ ብዬ ስለሰጋሁ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ። አንደኛው በፈረንሳዊው በአልፎንስ ቤርቲዮን ፎቶግራፍ ሥር የሰፈረው «የጣት አሻራ ምርመራን የፈለሰፈ» የሚለው መግለጫ ነው። ሁለተኛውና ዋናው ደግሞ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ የሚሰርቁትን ወንጀለኞች የአውሮፓ ፖሊስ ሊደርስባቸው የቻለው አሻራ ስለተገኘ ብቻ እንደሆነ ተደርጎ መቅረቡ ነው።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ከ20 ዓመት በላይ በአሻራና በመዝገብ ሥራ ላይ ያገለገልሁ ሰው ነኝ። አሻራ እንጀራዬ ስለነበረ የማሳንስበት ምክንያት የለኝም። ሆኖም ዘዋሪውን ሌባ በቅድሚያ ያስያዘው የተፈጸመውን ድርጊት በዝርዝር የሚጽፍ፣ የተጻፈውን ወደ አንድ ቦታ የሚልክ፣ የተላከውንም ካለፈው ጋር የሚያመሳክር የጸሐፊዎች ሥራ ነው። ይህ ሥራ ድርጊቱን ትቶ ሰውን «ዘዋሪ ነህ» ብሎ መመዝገብ በጀመረበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ንጹሐንን አጥቅቷል። በዚህ ደብዳቤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ችግሩ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ከባቡር በፊት ሌባ እንዴት ይፈለግ እንደነበር ማሰብ ይጠቅማል። በእኛም አገር አውጫጭኝ የሚባለው ሥርዐት ነበረ፤ የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ቦታ ይሰበሰብና ጥፋተኛው እስኪነገር ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም። ሌባ ሻይ የሚባለውም ነበረ፤ መድኃኒት የተሰጠው ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። የሁለቱ ፍትሐዊነት ለየብቻው የሚታይ ሆኖ፣ ሁለቱም ሌባውን የሚፈልጉት እዚያው ከሚኖረው ሕዝብ መካከል ነው። ሌሊቱን ሰርቆ ጎሕ ሳይቀድ አገር የለቀቀ ሰው በአውጫጭኝም በሌባ ሻይም አይገኝም፤ ዕዳውን የሚከፍለው ጎረቤት ነው። በእንግሊዝ አገር በ19ኛው ክፍለ ዘመን የባቡር ሐዲድ ከተማን ከከተማ ሲያገናኝ ይኸው ድክመት በሰፊው ተከሠተ። ሰርሳሪው ጠዋት ሊቨርፑል፣ ማታ ሊድስ ሊሆን ቻለ። ፖሊሱ ግን እዚያው በወሰኑ ውስጥ ቀረ፤ በእንግሊዝና በዌልስ በየካውንቲውና በየከተማው የየራሳቸው አዛዥ ያላቸው ከ150 በላይ የፖሊስ ኃይሎች ነበሩ፤ አንዱ የሚያውቀውን ሌላው አያውቅም።

መንግሥት በ1869 ባወጣው ሕግ የደጋጋሚ ወንጀለኞች መዝገብ እንዲከፈት አዘዘ፤ በ1871ም ሕጉን አሻሻለው። መዝገቡ ግን በስም የተደራጀ ስለነበር በየከተማው ስሙን ለሚቀይር ሰው እንደ ወንፊት ነበረ። ስለዚህ ፖሊስ የተማመነው በዓይን ነው። በለንደን መርማሪዎች በሳምንት 3 ጊዜ ወደ ሆሎዌይ ወህኒ ቤት እየሄዱ አዲስ የገቡትን እስረኞች ፊት እያዩ «ይህን አውቀዋለሁ፣ ያንን አላውቀውም» ይሉ ነበር። ሰውየው ከዚህ በፊት የታሰረው በሌላ ከተማ ከሆነ የሚያውቀው መርማሪ እዚያ አይገኝም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደተሳሳተ ተቆጥሮ ቀላል ቅጣት ይቀበልና ይወጣል።

ቤርቲዮን የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ክብሩም ሊሰጠው ይገባል። በፓሪስ ፖሊስ ዋና ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጥሮ ሳለ፣ የሰዎች ቁመትና አካል ተለክቶ መለኪያው በቁጥር ቅደም ተከተል ከተቀመጠ ስሙን የቀየረ ሰው እንኳ ከፋይሉ ውስጥ ሊገኝ እንደሚችል ተረዳ። ቁመት፣ የተዘረጉ ክንዶች ርዝመት፣ የጭንቅላት ርዝመትና ስፋት፣ የቀኝ ጆሮ፣ የግራ እግር፣ የግራ እጅ የመሀል ጣት እያለ በጠቅላላው 11 ልኮችን ይወስድ ነበር። በ1883 የመጀመሪያውን ደጋጋሚ ወንጀለኛ ለየ፤ በ1884 ደግሞ 241 ሰዎችን ለየ። ነገር ግን ይህ የአካል ልኬት እንጂ የጣት አሻራ አይደለም። አሻራን ወደ ካርዱ የጨመረው ዘግይቶ ነው፤ ያውም እንደ ደባል ምልክት። የልኬቱ ድክመት ደግሞ በለካው ሰው እጅ ላይ ነው። አንዱ ጸሐፊ መለኪያውን ጠበቅ፣ ሌላው ላላ ቢያደርገው ያው ሰው ሁለት ሰው ይሆናል፤ ገና በማደግ ላይ ያለ ወጣትም በሁለት ዓመት ውስጥ ከካርዱ ይወጣል።

አሻራን ለመዝገብ የሚያመች ያደረገው ሥራ የተሠራው በፓሪስም በለንደንም አልነበረም፤ በሕንድ አገር በቤንጋል ነው። የቤንጋል ፖሊስ የበላይ የነበረው ኤድዋርድ ሄንሪ ስሙን በሥርዐቱ ላይ አኖረ፤ የአመዳደቡን ሒሳብ በመሥራት ትልቁን ድርሻ ያበረከቱት ግን በሥሩ የነበሩት ሁለት ሕንዳውያን፣ አዚዙል ሐቅና ሔም ቻንድራ ቦስ ናቸው። የካልካታው የአሻራ ቢሮ በ1897 ሲከፈት የሠሩበት እነሱ ናቸው። ውለታቸው በመንግሥት የታወቀላቸውና የገንዘብ ሽልማት የተሰጣቸው ከብዙ ዓመት በኋላ ነበር።

የሥራውን ውበት ያልሠራበት ሰው ሙሉ በሙሉ ይረዳዋል ለማለት ይከብደኛል፤ ሆኖም ልሞክር። አሥሩ ጣቶች ሁለት ሁለት እየሆኑ በአምስት ጥንድ ይከፈላሉ። ከቀኝ አውራ ጣትና ከጎኑ ካለው ጣት በአንዱ ላይ መስመሩ እንደ ውኃ አዙሪት ክብ ከሠራ 16 ነጥብ ያገኛል። በሚቀጥለው ጥንድ 8፣ ቀጥሎ 4፣ ቀጥሎ 2፣ በመጨረሻው ጥንድ 1 ነው። አዙሪት የሌለበት ጣት ምንም አያገኝም። ከየጥንዱ የአንዱ ጣት ነጥብ ከላይ፣ የሌላው ከታች ይደመርና በሁለቱም ላይ 1 ይጨመራል። እንዲህ ሲደረግ የሰው ልጅ ሁሉ አሻራ በ1,024 ክፍሎች ውስጥ ይገባል፤ ጸሐፊው መቶ ሺህ ካርድ ያለበት ክፍል ውስጥ ቢቆም እንኳ በቀጥታ ወደ አንዱ መደርደሪያ ይራመዳል። እኔም በወጣትነቴ ቀለሙን በመስተዋቱ ላይ በሮለር አሳስቼ፣ የሰውየውን ጣት ከጥፍሩ ዳር እስከ ጥፍሩ ዳር አንከባልዬ ካነሣሁ በኋላ፣ ያቺን ቁጥር በካርዱ ራስጌ ላይ ስጽፍ በማላውቀው አገር የነበሩ ሁለት ጸሐፊዎች እጄን የያዙኝ ያህል ይሰማኝ ነበር። ስማቸው በጋዜጣችሁ ላይ አለመጠቀሱ ያሳዘነኝ ለዚህ ነው።

ሄንሪ በ1901 ወደ ለንደን ተዛውሮ ስኮትላንድ ያርድ በሚባለው የለንደን ፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት የአሻራ ቢሮ አቋቋመ። የቢሮው ጥቅም በዘዋሪዎች ላይ የታየው በማግሥቱ ዓመት፣ በ1902 በኤፕሰም በተደረገው የደርቢ ፈረስ ግልቢያ ነው። በዚያ ቀን የሚሰበሰበው ሕዝብ እጅግ ብዙ ስለነበር ከመላው አገር ኪስ አውላቂዎች ይጎርፉ ነበር። ተጠርጥረው የተያዙ 54 ሰዎች አሻራ ተወስዶ ለንደን ካለው መዝገብ ጋር ሲመሳከር 29ኙ ቀደም ሲል የተፈረደባቸው ሆነው ተገኙ። በማግሥቱ ጠዋት ዳኛው ፊት ቀርቦ የመጀመሪያ ጥፋቱ እንደሆነ የማለ ሰው፣ በሌላ ከተማና በሌላ ስም የተጻፈው ታሪኩ ተነበበለት። ለመጀመሪያ ጊዜ ወረቀቱ ከባቡሩ ቀድሞ ደረሰ።

እንግዲህ ጽሑፋችሁ እዚህ ላይ ቆመ፤ እኔ ግን እዚህ ላይ ልትቆሙ አይገባም ነበር እላለሁ። እነዚያ 54 ሰዎች አሻራቸው የተወሰደው ከተያዙ በኋላ ነውና። የአሥሩ ጣት መዝገብ የተያዘው ሰው ማን እንደሆነ ይናገራል፤ ያልተያዘው የት እንዳለ፣ ማንን መጠርጠር እንደሚገባ ግን አይናገርም። ወንጀሉ በተፈጸመበት ቦታ የሚገኘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ጣት ምልክት ብቻ ስለሆነ፣ አሥሩን ጣቶች ደምሮ በሚሠራው ሒሳብ ሊፈለግ አይችልም። በዚያው በ1902 በደቡብ ለንደን የቢሊያርድ ኳሶች የሰረቀ ሰው ባልደረቀ ቀለም ላይ አውራ ጣቱን አትሞ ሄዶ ነበር። መርማሪው ሰውየውን ያገኘው የታወቁ ሰርሳሪዎችን ካርድ አንድ በአንድ በዓይኑ እየፈተሸ ነው። ስኮትላንድ ያርድ በነጠላ ጣት የሚፈለግበት መዝገብ የኖረው በ1930 ገደማ ነው። ከ1901 እስከዚያ ባሉት ዓመታት «ከእነዚህ ሰዎች መካከል ፈልግ» ብሎ ለመርማሪው የሚጠቁመው ሌላ ነገር መኖር ነበረበት።

ያ ሌላ ነገር የመጣው ከለንደን ውጭ፣ ዌክፊልድ ከተባለች የዮርክሺር ከተማ ነው። ሜጀር ልዌሊን አቸርሊ በ1908 ዋና ጽሕፈት ቤቱ ዌክፊልድ የነበረው የዌስት ራይዲንግ (የዮርክሺር ምዕራባዊ ክፍል) ፖሊስ አዛዥ ሆኖ ሲሾም፣ በዙሪያው እንደ ሊድስ፣ ብራድፎርድና ሼፊልድ ያሉ የየራሳቸው ፖሊስ ያላቸው ትልልቅ ከተሞች ነበሩ። አቸርሊ ያስተዋለው ቀላል እውነት ነው። ዘዋሪ ሌባ ስሙን፣ ጢሙን፣ ልብሱንና ከተማውን ይቀያይራል፤ አሠራሩን ግን አይቀይርም። አንድ ጊዜ የተሳካለት መንገድ ስለሆነ ይተማመንበታል፤ ሌላ ሙያ ለመልመድ መሞከር ለእሱ አደጋ ነው። አባቶቻችን «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» ይላሉ፤ «አመል ያወጣል ከመሐል» የሚሉትም አለ። አቸርሊ ያደረገው ይህንኑ አመል የሚያስቀምጥበት መደርደሪያ መሥራት ነው።

በእሱ ሥርዐት እያንዳንዱ ስርቆት በአሥር ጥያቄዎች ይበጠር ነበር። የተሰረቀው ቦታ ምን ዓይነት ነው? መኖሪያ ቤት፣ ሱቅ፣ ሆቴል ወይስ ቤተ ክርስቲያን? በየት በኩል ተገባ፣ በምን መሣሪያስ? ከነበረው ዕቃ ሁሉ ተመርጦ የተወሰደው ምንድን ነው? ጊዜው መቼ ነበር? ይህ የሰዓቱ ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ በገበያ ቀን፣ ቤተሰቡ ራት ላይ ሳለ ወይም ሁሉም ሰው ቅዳሴ በሄደበት ሰዓት እንደሆነ ጭምር ይጻፋል። ሰውየው በአካባቢው ሲታይ ምን ሠራተኛ መስሎ ነበር? የበር ደወሉን ሲደውል ምን ብሎ ተናገረ? ብቻውን ነበር ወይስ ከግብረ አበር ጋር? በምን መጣ? በባቡር፣ በብስክሌት ወይስ በእግር? በመጨረሻ «የንግድ ምልክት» ብለው የጠሩት ይመጣል፤ ይህም ለስርቆቱ ምንም የማይፈይድ፣ ሌባው ግን ከማድረግ የማይቆጠብበት ልማድ ነው። ውሻ መመረዝ፣ ቤት ውስጥ ልብስ ቀይሮ መውጣት፣ ለባለቤቱ ወረቀት ጽፎ መተው የመሳሰሉት በዚህ ሥር ይገቡ ነበር።

ከአሥሩ ሁሉ እኔ የማደንቀው «ምን ብሎ ተናገረ» የሚለውን ነው። አጭበርባሪ በር ላይ ቆሞ የሚናገራትን ታሪክ እንደ ጸሎት በቃሉ ይዟታል። ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው «የድሮ ተከራያችሁን እየፈለግሁ ነው፤ ከአገር ቤት ደብዳቤ ይዤለት መጥቻለሁ» እያለ ቤት ውስጥ ማን እንዳለ ይሰልላል እንበል። ይህን የሰማችው የቤት ሠራተኛ ሌባውን በጨለማ ስላየችው መልኩን ላታስታውስ ትችላለች፤ ቃሉን ግን አትረሳም። ቃሉ በአንዱ ከተማ ተጽፎ ዌክፊልድ ከደረሰ፣ እዚያ ያለው ጸሐፊ ከሦስት ወር በፊት በሌላ ከተማ የተጻፈ ያንኑ ቃል ከመሳቢያው ያወጣል። ሁለት የማይተዋወቁ ፖሊሶች አንድ ሰው እየፈለጉ መሆናቸው የሚታወቀው በዚያች ቅጽበት ነው። ከመካከላቸው አንዱ የተፈረደበትን ሰው ስምና ፎቶግራፍ ካገኘ፣ አሻራው ከዚያ በኋላ ገብቶ ሥራውን ይፈጽማል።

አቸርሊ ሐሳቡን በ1913 ጽፎ አሳተመው። የበርክሊው ካሊፎርኒያ የፖሊስ አዛዥ አውጉስት ቮልመርም ወስዶ ለራሱ አገር እንዲስማማ አደረገው። ስኮትላንድ ያርድ ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ በፖሊስ ጋዜጣው ላይ የዘዋሪ ወንጀለኞችን ፎቶግራፍ፣ የቅጣት ታሪክና የአሠራር መግለጫ የያዘ ልዩ ዕትም እያወጣ ለየፖሊስ ጣቢያው ይልክ ጀመር።

ይህ ሁሉ የተመሠረተው ግን በወረዳው ፖሊስ የመጀመሪያ ጽሑፍ ላይ ነው፤ ይህን የምለው ከራሴ ልምድ ነው። በሥራ ዘመኔ በእጄ ካለፉት የስርቆት ሪፖርቶች ውስጥ እጅግ ብዙዎቹ «ግምቱ ይህን ያህል የሆነ ንብረት ባልታወቁ ሌቦች ተሰርቋል» ብለው ያልቃሉ። በየት እንደገቡ፣ ቁልፉ መሰበሩን ወይም ተመሳስሎ በተሠራ ቁልፍ መከፈቱን፣ ቴሌቪዥኑን ትተው ለምን ወርቁን ብቻ እንደወሰዱ አንድ ቃል አይገኝባቸውም። እንዲህ ያለውን ወረቀት ከምን ጋር ላመሳክረው እችላለሁ? የአቸርሊ ትልቁ ሥራ ፖሊሶች ሁሉ አንድን ነገር በአንድ ቃል እንዲጠሩት ማድረጉ ነው፤ አንዱ «በጓሮ»፣ ሌላው «በመስኮት»፣ ሦስተኛው «ከኋላ» ብለው ከጻፉ ካርዶቹ በአንድ መሳቢያ ውስጥ ሆነው እንኳ አይተዋወቁም።

ፈረንሳዮች የሄዱበት መንገድ ትንሽ ይለያል። በ1907 መጨረሻ በጠቅላይ ሚኒስትር ክሌማንሶ መንግሥት ጊዜ፣ በፖሊስ ኃላፊው በሴለስተን ኤኒዮን ሐሳብ አቅራቢነት፣ ወሰን የማያግዳቸው 12 ተንቀሳቃሽ የፖሊስ ቡድኖች ተቋቋሙ። ያም ሆኖ በታኅሣሥ 1911 የቦኖ ቡድን የተባሉት በፓሪስ የባንክ መልእክተኛ ዘርፈው በመኪና ሲያመልጡ ፖሊስ ወደኋላ መቅረቱ ታየ። መልእክተኛው የተጠቃው በጠራራ ቀን፣ በአደባባይ ነው፤ ያሳፈረውም ይኸው ነው።

አሁን ወደሚከብደኝ ክፍል እመጣለሁ። በ1895 መጨረሻ አንዲት ሴት ለንደን ውስጥ አዶልፍ ቤክ የተባለ የኖርዌይ ተወላጅ መንገድ ላይ ይዛ «የዘረፍኸኝ አንተ ነህ» አለችው። ወንጀሉ ልዩ አሠራር ነበረው። መኳንንት ነኝ የሚል ሰው ብቻዋን የምትኖር ሴት ይተዋወቅና በቤቱ ሥራ እሰጥሻለሁ ይላታል፤ ልብስ እንድትገዛ የማይከፈል ቼክ ይጽፍላታል፤ የተሻለ አሠራልሻለሁ ብሎም ሰዓቷንና ቀለበቷን ይወስዳል። በ1877 ጆን ስሚዝ የተባለ ሰው በዚሁ ዘዴ ተፈርዶበት ነበር። ፖሊስ የ1877ቱና የ1895ቱ ሥራ የአንድ ሰው እጅ መሆኑን መገመቱ ትክክል ነበር። የተሳሳተው ያንን እጅ ከቤክ ፊት ጋር ማያያዙ ላይ ነው። ሴቶች ተራ በተራ እየመጡ ጠቆሙት፤ በ1896 የ7 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ወህኒ ቤትም የስሚዝን የድሮ የእስረኛ ቁጥር ሰጠው። በ1898 የስሚዝ የወህኒ ቤት መዝገብ ሲመረመር ስሚዝ የተገረዘ፣ ቤክ ደግሞ ያልተገረዘ መሆኑ ታወቀ፤ ይህም ሆኖ አልተፈታም። በ1901 ወጣ፤ በ1904 በተመሳሳይ ክስ እንደገና ጥፋተኛ ተባለ። ቅጣቱን እየጠበቀ እስር ቤት ሳለ ግን በዚያው ዘዴ ሌሎች ሴቶች ተታለሉ፤ ቀለበቶቹን በመያዣ ሊያስይዝ የመጣው እውነተኛው ስሚዝም ተያዘ። ቤክ ይቅርታና 5,000 ፓውንድ ካሣ ተሰጠው፤ በ1907 እንግሊዝ የወንጀል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለማቋቋም የተገደደችበት አንዱ ምክንያትም የእሱ መከራ ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁልጊዜ የሚነሣው «አሻራ ቢኖር ኖሮ» የሚለው ነው፤ እውነት ነው። እኔ ግን ሌላም ነገር አያለሁ። ቤክን ነጻ ያወጣው እሱ ታስሮ ሳለ የዚያው አሠራር መቀጠሉ ነው። ድርጊቱ በጥንቃቄ ከተጻፈ ወንጀለኛውን እንደሚጠቁም ሁሉ ንጹሑንም ያወጣል። አደጋው የሚመጣው መዝገቡ ከድርጊቱ ወጥቶ በሰውየው ላይ ሲለጠፍ ነው።

መለጠፍ ስል በምሳሌ ብቻ አይደለም። ፈረንሳይ በሐምሌ 1912 ባወጣችው ሕግ ቋሚ መኖሪያ የሌላቸው ዘላን ተብለው የተመደቡ ሰዎች፣ በተለይ ጂፕሲ በመባል የሚታወቁት የሮማ ሕዝቦች፣ የአካል ልኬታቸው፣ ፎቶግራፋቸውና አሻራቸው የተለጠፈበት ደብተር እንዲይዙ ተገደዱ። ልጆች ከ13 ዓመታቸው ጀምሮ የራሳቸው ደብተር ነበራቸው። ወደ አንድ መንደር ሲገቡ ያስመዘግባሉ፣ ሲወጡ ያስመዘግባሉ። ቤርቲዮን የተፈረደበትን ሰው ለመለየት የሠራው መለኪያ፣ ምንም ያላጠፋች እናት በጋሪዋ ላይ ተቀምጣ ጆሮዋን የምትለካበት ሆነ። በ1940 መንግሥት ዘላኖች እንዳይንቀሳቀሱ ሲያግድና ቤተሰቦች ወደ ማጎሪያ ሲገቡ ዝርዝሩ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። ሕጉ የተሻረው በ1969 ነው። በሕንድም እንግሊዞች በ1871 «የወንጀለኛ ጎሣዎች» የሚል ሕግ አውጥተው በ1911 አሰፉት፤ በዚህም መሠረት ሰው በመወለዱ ብቻ ይመዘገብ፣ አሻራ ይሰጥና ካለበት ቦታ ሲንቀሳቀስ ያሳውቅ ነበር። ሕጉ የተሻረው ከነጻነት በኋላ፣ በ1952 ነው። የአሻራ ሒሳብ የተወለደባት ቤንጋል የዚሁ ሕግ አገር መሆኗን ስናስብ፣ የአንድን ሙያ ታሪክ በድሉ ብቻ መጻፍ እንደማይገባ ማንም ይስማማል ብዬ አምናለሁ።

ይህ ለእኛ የሩቅ ታሪክ አይደለም። በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን «አሻራዬ ጣልያን ነው» ሲሉ፣ ከ2003 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የስደተኞች የጋራ የአሻራ መዝገብ ወደ መጀመሪያ የረገጡት አገር ይመልሰኛል ብለው መፍራታቸው ነው። ወንጀል የሠሩ ሰዎች አይደሉም፤ የተጓዙ ሰዎች ናቸው።

በሥራ ዘመኔ የገጠመኝን አንድ ነገር እዚህ ላይ መጨመር አለብኝ። ለውጭ አገር ሥራ ከወንጀል ነጻ የሚል የምስክር ወረቀት የሚፈልግ አንድ ወጣት መጣ። የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም በካርድ ላይ ካለ አንድ የተፈረደበት ሰው ጋር ፊደል በፊደል አንድ ነበር። በእኛ አገር የስም አጠራር ይህ ሊሆን የማይችል ነገር አይደለም። ሲሚንቶ ሲያቦካ የኖረ የቀን ሠራተኛ ስለነበር የጣቶቹ መስመር ተበልቶ ነበር፤ እጁን በሞቀ ውኃ አስታጥቤ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነሣሁለት። አሻራዎቹን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ሁለት የተለያዩ ሰዎች መሆናቸው ግልጽ ነበር። ይህን ጽፌ አቀረብሁ። ወረቀቱ ግን «ስሙ አለ» በሚል ምክንያት ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዞር ሦስት ወር አለፈ፤ የተጠበቀለት ሥራም አመለጠው። መጨረሻ ላይ ወረቀቱን ልሰጠው ስጠራው ያ ልጅ አልተቆጣም፤ ጣቶቹን አይቶ «እነሱ ብቻ እውነቱን ተናገሩልኝ» ነው ያለኝ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በሚቀጥለው እትም በቤርቲዮን ፎቶግራፍ ሥር የሰፈረው መግለጫ ይታረም፤ የአሻራን ምደባ የሠሩት አዚዙል ሐቅና ሔም ቻንድራ ቦስም በስማቸው ይጠቀሱ። ርእሱን የምትቀጥሉበት ከሆነ ደግሞ ስለ ዌክፊልዱ የካርድ መደርደሪያና ስለ 1912ቱ የፈረንሳይ ደብተር አንድ አንድ ገጽ ስጡ። በእጄ ያሉትን ማስታወሻዎችና የአሥሩን ጥያቄዎች የአማርኛ ቅጂ ለምትመድቡት ጸሐፊ ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ፤ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ቤት አለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣሁ የአሻራና መዝገብ ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ